«ጨጓራዬ ነው ልጄ»፦ የደረት ሕመምተኞችን ቃል ስለ መመዝገብ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር፣
ለሕክምና ትምህርት ቤቶች፣
በየተቋሙ ላሉ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች

ክቡራንና ክቡራት፦

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ አንድ አባት በተመላላሽ ክፍል ከፊቴ ተቀመጡ። የእህል መጋዘን ጥበቃ ነበሩ። ምን እንደሚያማቸው ስጠይቃቸው «ጨጓራዬ ነው ልጄ» አሉኝ። ቀጥለውም ጠዋት ኪዳን ለማድረስ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን አንድ ነገር ጥፍንግ አድርጎ እንደሚይዛቸው፣ ቆም ብለው አጥሩን ሲደገፉ ደግሞ ቀስ እያለ እንደሚለቃቸው ነገሩኝ። ይህን ሲሉ ቀኝ እጃቸውን ጨብጠው ደረታቸው መሐል ላይ አሳረፉት። ደጅ ላይ ወረፋ የሚጠብቁ አርባ ያህል ሰዎች ነበሩ። እኔም ከተናገሩት ሁሉ የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ይዤ በካርዳቸው ላይ በእንግሊዝኛ «ዲስፔፕሲያ»፣ ማለትም የምግብ አለመፈጨት፣ ብዬ ጻፍኩና የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል አዝዤ ሸኘኋቸው። ከአራት ወር በኋላ በላብ ተነክረው፣ ልጃቸው ደግፏቸው በታክሲ መጡ። የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግበው ምርመራ፣ ኢሲጂው፣ የልባቸው የፊት ግድግዳ ደም ከተቋረጠበት ሰዓታት እንዳለፉ አሳየን። ሕይወታቸው ተርፏል፤ ልባቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። በኋላ ያን ካርድ አውጥቼ ሳነበው ዳገቱም፣ የተጨበጠው እጅም፣ «ስቆም ይለቀኛል» ያሉትም አንዱ እንኳ አልተጻፈበትም።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ ካርድ ነው። በአገራችን ታካሚው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ ይናገራል፤ ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። በመሐል ያለው ትርጉም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ በአንድ በደከመ ሰው ጭንቅላት ውስጥ፣ ያለ አራሚና ያለ ምስክር ይፈጸማል። ለተሰበረ አጥንት ወይም ለወባ ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ አጥንቱን ራጁ፣ ወባውን የደም ምርመራው ይናገራልና። በልብ ደም ቅዳ መጥበብ ለሚመጣው የደረት ሕመም፣ ማለትም ለአንጃይና፣ ግን የታካሚው ቃል ራሱ ምርመራ ነው። ቃሉ ከጠፋ ምርመራው ጠፋ።

ሕመሙ ስሙን ያገኘው እንኳ ታካሚዎች ከሚሰማቸው ስሜት ነው። ዊልያም ሄበርደን የተባሉት እንግሊዛዊ ሐኪም በ1768 ለለንደን ሐኪሞች ኮሌጅ ባነበቡትና በ1772 በታተመው ጽሑፋቸው «አንጃይና ፔክቶሪስ» ብለው ሰየሙት፤ ከላቲን የተወሰደ ሲሆን የደረት መታነቅ እንደ ማለት ነው። (በዚህ ደብዳቤ የጠቀስኳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሄበርደን ኢሲጂም፣ ራጅም፣ የደም ምርመራም አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ጆሮ ነው። ሲራመዱ፣ በተለይ ዳገት ሲወጡና ምግብ ከተበላ ብዙም ሳይቆይ የሚይዝ፣ ሲቆሙ የሚጠፋ ሕመም መሆኑን ከታካሚዎቻቸው ሰምተው ጻፉ። ምግብ ከተበላ በኋላ የሚለውን ልብ ይበሉልኝ፤ የእኛ ሰው ሕመሙን ጨጓራ ነው ቢል በባዶ ሜዳ አይደለም። የጠበበው ደም ቅዳ ልብ ሲያርፍ የሚበቃውን ያህል ደም ያደርሳል፤ ልብ ሥራ ሲበዛበት፣ በዳገት፣ በብርድ፣ በንዴት ወይም ከጠገበ ሆድ በኋላ፣ የሚፈልገው ሲጨምር ግን አልደርስ ይላል። ሲቆሙ የሚለቀውም ፍላጎቱ ወደ አቅሙ ስለሚመለስ ነው።

በ1962 ጄፍሪ ሮዝ የተባሉ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ አጭር መጠይቅ አሳተሙ። ደረትዎ ላይ ሕመም ወይም የሚያስጨንቅ ነገር ይሰማዎታል? ዳገት ሲወጡ ወይም ሲቸኩሉ ነው? በሜዳ፣ በረጋ እርምጃ ሲሄዱስ? ሲይዝዎት ይቆማሉ ወይስ መንገድዎን ይቀጥላሉ? ከቆሙ ይለቅዎታል? በአሥር ደቂቃ ውስጥ ነው? የቱ ጋ እንደሆነ ያሳዩኝ። ከዚህ ብዙም አያልፍም። እኚያ የመጋዘን ጥበቃ አብዛኛውን ሳልጠይቃቸው መልሰውልኝ ነበር።

ስልሳ ዓመት ያለፈውን መጠይቅ ዛሬ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፉት ዓመታት በትልልቅ ጥናቶች የተገኘው ውጤት ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደ ታካሚው ቃል እየመለሰን ነው። ስቴንት የጠበበው ደም ቅዳ በፊኛ ከተከፈተ በኋላ መልሶ እንዳይከደን የሚደግፈው ቀጭን የሽቦ ቱቦ ነው። ሃርት አታክ፣ ማለትም የልብ ደም ቅዳ በድንገት መዘጋት፣ በተነሣበት ሰዓት ሕይወት እንደሚያድን ማንም አይከራከርም። ጥያቄው ሕመሙ ለወራት በአንድ ሁኔታ ለቆየበት፣ ለተረጋጋው ታካሚ ምን ይጠቅማል የሚለው ነው። በ2007 የወጣው ኩሬጅ የተባለው ጥናት በአሜሪካና በካናዳ 2,287 ታካሚዎችን ተከታትሎ፣ በደንብ በተሰጠ መድኃኒት ላይ ስቴንት መጨመሩ ሞትንም ሃርት አታክንም እንዳልቀነሰ አሳየ። ብዙ ባለሙያዎች አላመኑም ነበር። በ2020 ኢስኬሚያ የተባለው ጥናት በ37 አገሮች 5,179 ታካሚዎችን ይዞ ያንኑ ጥያቄ ደገመው፤ በመሠረታዊው ጥያቄ ላይ ያገኘው መልስም ከቀድሞው ብዙ አልራቀም። የግራው ዋና የልብ ደም ቅዳ ክፉኛ የጠበበባቸው ግን በጥናቱ አልተካተቱምና ለእነርሱ ፍርዱ ሌላ ነው።

ከኢስኬሚያ ውጤቶች ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ብዙ ያልተወራለት ክፍል ነው። ሕመሙ በየሳምንቱ ወይም በየቀኑ ይይዛቸው ከነበሩት መካከል፣ ወደ ካቴተር ክፍል፣ ማለትም ቀጭን ቱቦ በደም ቅዳ ወደ ልብ ገብቶ ወደሚሠራበት ክፍል፣ ቀድመው ከተላኩት ግማሽ ያህሉ ከአንድ ዓመት በኋላ ጨርሶ አይይዛቸውም ነበር፤ በመድኃኒት ብቻ ከቆዩት ግን ወደዚህ የደረሱት አምስተኛው ያህል ናቸው። ድሮውንም ሕመም ያልነበራቸው ከዚህ በኩል ያተረፉት እምብዛም ነው። እንግዲህ ስቴንት ለተረጋጋ ታካሚ የሚሰጠው ዋና ጥቅም የሕመም እፎይታ ከሆነ፣ ሕመሙን ሳንለካ ማን ስቴንት እንደሚያስፈልገው በምን እናውቃለን?

ሌላ ጥርጣሬም ነበር፦ ታካሚው «ተሠራልኝ» ብሎ ማመኑ ብቻ ሕመሙን ቢያቀልለትስ? በልብ ሕክምና ታሪክ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ በደረት ግድግዳ ውስጥ የሚያልፍ አንድ ደም ቅዳ መቋጠር ለአንጃይና ፍቱን ነው ተብሎ በሰፊው ይሠራ ነበር፤ በ1959 የታተመ በ17 ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ቆዳቸው ብቻ የተቀደደውም ደም ቅዳው የተቋጠረላቸውም እኩል እንደተሻላቸው ሲያሳይ ኦፕሬሽኑ ቀረ። በስቴንት ላይ ተመሳሳዩን ለመጠየቅ ዓለም እስከ 2017 ቆየ። ለንደን በሚገኘው ኢምፔሪያል ኮሌጅ ዶክተር ራሻ አል-ላሚ የመሩት ኦርቢታ የተባለው ጥናት 200 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ሁሉም የሚያረጋጋ መድኃኒት ተሰጥቷቸው፣ የሐኪሞቹን ንግግር እንዳይሰሙ ሙዚቃ የሚያሰማ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ተደርጎ ካቴተር ገባላቸው፤ ስቴንት የተደረገለት ግን አንደኛው ወገን ብቻ ነው። ታካሚውም ሆነ በኋላ የሚከታተሉት ሐኪሞች ማን ምን እንዳገኘ አያውቁም። ከስድስት ሳምንት በኋላ በትሬድሚል፣ ማለትም በመራመጃ ማሽን፣ ላይ መቆየት በቻሉበት ጊዜ በሁለቱ ወገኖች መካከል የታየው ልዩነት 16.6 ሰከንድ ብቻ ሲሆን፣ ያም በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው የማይለይ ነበር። እነዚህ ታካሚዎች ግን የአንጃይና መድኃኒት በሚገባ ይወስዱ ነበር። ስለዚህ በ2023 በወጣው ኦርቢታ-2 301 ታካሚዎች የአንጃይና መድኃኒታቸውን አቁመው፣ በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደያዛቸው በስልካቸው መተግበሪያ እየመዘገቡ ለአሥራ ሁለት ሳምንት ቆዩ። በዚህኛው ስቴንቱ በግልጽ ረታ፤ ዝቅ ሲል መሻልን በሚያመለክተው የሕመም ነጥብ ስቴንት ያገኙት 2.9፣ ያላገኙት 5.6 ሆኑ።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ነው ብዕር ያስነሣኝ። ተመራማሪዎቹ የኦርቢታ-2ን መረጃ መልሰው ሲመረምሩ፣ ከስቴንቱ የበለጠ የተጠቀሙት ሕመማቸው በሮዝ መጠይቅ መሠረት የአንጃይና ጠባይ የነበረው፣ በእንቅስቃሴ ይዞ በዕረፍት የሚለቅ የሆነው ታካሚዎች መሆናቸውን አገኙ። ሁሉም በምስል የታየ የጠበበ ደም ቅዳ ነበራቸው፤ ማን እንደሚጠቀም ለመለየት የረዳው ግን በ1962 የተጻፉት ጥያቄዎች መልስ ነው። የካቴተር ክፍል ለመገንባት ስንትና ስንት ወጪ በሚጠየቅበት አገር ይህ ምንኛ ርካሽ መሣሪያ እንደሆነ ለእናንተ መናገር አያስፈልገኝም።

ታዲያ ተርጉመን እንጠቀምበታ፣ የሚል ይኖራል። እኔም እንዲሁ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ችግሩ የገባኝ መጠየቅ ስጀምር ነው። «ደረትዎን ያምዎታል?» ብለው ቢጠይቁ፣ እውነተኛ አንጃይና ያለበት ሰው «ኧረ አያመኝም፣ ብቻ ያፍነኛል» ይላል። ሕመም ለብዙው ሰው ውጋት ወይም ቁርጠት ነው፤ መክበድ፣ መጨምደድ፣ መታፈን ከሕመም አይቆጠርም። «ያፍነኛል» የሚለው ደግሞ ለትንፋሽ ማጠርም ያገለግላል። «ልቤን» ሲል እጁ እንብርቱ አጠገብ የሚያርፍ ታካሚ አይቻለሁ፤ በገጠር ልብ የሚባለው ብዙ ጊዜ የሆድ አፍ ነው። ብርድ መታኝ የሚል አለ፤ ነርቭ ነው የሚል አለ። «የልብ ድካም» የሚለውን ቃላችንን ደግሞ ጋዜጣው ለሃርት አታክ፣ ሐኪሙ ደም በሚገባ መርጨት ላቃተው ልብ ያውለዋል፤ ሁለቱ እጅግ የተለያዩ ሕመሞች ናቸው፣ ታካሚው ግን «የልብ ድካም አለብህ ተብያለሁ» ሲል የቱን እንደሆነ ለማወቅ መድኃኒቶቹን ከፌስታሉ አውጥቶ ማየት ግድ ይላል።

እንቅስቃሴውም እንዲሁ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት፣ በ1995 የታተመው የሲያትል የአንጃይና መጠይቅ ታካሚውን ምንጣፍ በማሽን ሲያጸዳ፣ ሲዋኝ፣ ቴኒስ ሲጫወት ይይዘው እንደሆነ ይጠይቃል። ለአንዲት የደብረ ብርሃን እናት ይህን ማንበብ ቀልድ ነው። እርሳቸውን ሊጥ ሲያቦኩ፣ ሃያ ሊትር ጀሪካን ከቦኖ ሲያመጡ፣ ቡና ሲወቅጡ ብለው ይጠይቋቸው። በአንድ የሰሙነ ሕማማት ማግሥት የመጡ እናት ከሁሉ የተሻለውን መለኪያ ራሳቸው ሰጥተውኛል፦ «አምና መቶውን ስግደት ሳላርፍ እሰግድ ነበር፤ ዘንድሮ ሃያ አምስተኛው ላይ ጨምድዶ አስቀመጠኝ።» ትሬድሚል ከዚህ የበለጠ ምን ይነግረኛል? ለሱብሂ ሶላት ከቤታቸው እስከ መስጊዱ ሦስት ጊዜ እየቆሙ እንደሚሄዱ የነገሩኝ ሙስሊም አባትም ያው ትክክለኛ ምርመራ ነው የሰጡኝ። ይህ ሁሉ በካርድ ላይ ሲሰፍር «ቼስት ፔይን» (የደረት ሕመም) የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ሆኖ ይቀራል።

የሴቶችን ነገር ለብቻው አነሣለሁ። ሴቶች ብዙ ጊዜ ከደረታቸው ይልቅ ድካምን፣ የመንጋጋ ወይም የጀርባ ሕመምን፣ የትንፋሽ ማጠርን ያስቀድማሉ። ትልልቆቹ ደም ቅዳዎች ክፍት ሆነው በቀጫጭኖቹ መታወክ ብቻ አንጃይና ያለባቸውም አሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ለወንድ ጥበቃ የሚበቃው መጠይቅ ለሴቶቹ ላይበቃ ይችላልና ቃላቸው ተለይቶ መሰብሰብ አለበት።

መሣሪያ አያስፈልግም እያልኩ እንዳይመስልብኝ። በስኮትላንድ በ4,146 የደረት ሕመምተኞች ላይ የተደረገውና የአምስት ዓመት ውጤቱ በ2018 የወጣው ስኮት-ሃርት የተባለው ጥናት የልብ ደም ቅዳ ሲቲ ስካን የተጨመረላቸው ታካሚዎች በልብ ሕመም የመሞት ወይም ሃርት አታክ የመያዝ ዕድላቸው ከ3.9 ወደ 2.3 በመቶ እንደወረደ አሳይቷል። ነገር ግን በአምስት ዓመቱ መጨረሻ በሁለቱም ወገን የተሠራው ስቴንትና ኦፕሬሽን ተመጣጣኝ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው በአብዛኛው ሲቲው ሕመሙን ስላሳየ ሐኪሙ አስፕሪንና ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን ስታቲን ማዘዙ፣ ታካሚውም መዋጡ ነው ተብሎ ይታመናል። እዚህ ላይ ደግሞ በ2011 የታተመው ፒዩር የተባለው ጥናት ልብ ይሰብራል፦ ባጠናቸው ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የልብ ወይም የስትሮክ ሕመም እንዳለባቸው ከሚያውቁት ሰዎች መካከል 80 በመቶው ከተለመዱት መከላከያ መድኃኒቶች አንዱንም አይወስዱም ነበር። ሲቲ ስካን ገዝተን ከስታቲኖቹ አንዱ የሆነው አቶርቫስታቲን ፋርማሲው ውስጥ በየሁለት ወሩ የሚጠፋ ከሆነ የስኮትላንዱን ማሽን እንጂ የስኮትላንዱን ውጤት አላመጣንም። መድኃኒቱ ቢኖርም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን ክኒን ምን እንደሚያደርገው የሚጠይቅ ቅጽ እስካሁን አልገጠመኝም፤ በየመንና በባሕረ ሰላጤው አካባቢ የተደረጉ ጥናቶች ጫትን ከሃርት አታክ ጋር ማያያዛቸው እየታወቀም የደረት ሕመምተኛ ስለ ጫት የሚጠየቀው ጠያቂው ካስታወሰ ነው።

እንግዲህ ልመናዬን ላቅርብ። ጤና ሚኒስቴር ካርዱ ወደ ኮምፒውተር በሚሸጋገርበት በዚህ ጊዜ የታካሚው አቤቱታ በራሱ ቋንቋና በራሱ አነጋገር የሚጻፍበት አንድ መስመር እንዲያስገባ እጠይቃለሁ፤ ሐኪሙ ከሥሩ በእንግሊዝኛ የወደደውን ይጻፍ፣ ዋናው ቃል ግን እንዳለ ይቀመጥ። ይህ የሚፈልገው አንድ ባዶ ሳጥንና ሃያ ሰከንድ ነው። ከዚህ መስመር የሚጠራቀመው ቃል ለምርምሩ ጥሬ ዕቃ ይሆናል።

ለሕክምና ትምህርት ቤቶች ያለኝ ጥያቄ ከበድ ይላል። ተማሪዎቻችን የሕመም ታሪክ መጠየቅን የሚማሩት ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው፤ ታካሚው አልጋ አጠገብ ሲደርሱ ግን ጥያቄውን እዚያው እየተረጎሙ ይንተባተባሉ። የሮዝንና የሲያትልን መጠይቆች በአገራችን ቋንቋዎች የማዘጋጀቱ ሥራ በሐኪሞች ብቻ አይሠራ፤ የቋንቋ ምሁራን፣ ሲስተሮችና ራሳቸው ታካሚዎች ይግቡበት። አንዱ ይተርጉም፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፣ ከዚያ ታካሚው ጥያቄውን እንዴት እንደተረዳው በራሱ አነጋገር ያስረዳን። በመጨረሻም የመጠይቁ መልስ ከትሬድሚሉ፣ ከሲቲውና ከካቴተሩ ውጤት ጋር ይመሳከር። ይህ ለአንድ ስፔሻሊቲ ተማሪ ማሟያ ጽሑፍ የሚበቃና ከዚያም የሚተርፍ ሥራ ነው። በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ በአስተርጓሚ የሚታከሙ ወገኖቻችንም ይጠቀሙበታል።

ወደ ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ስመጣ የማነሣው የፈቃድ ቅጹን ነው። እንደ ኦርቢታ ያለ ጥናት አንድ ቀን እዚህ ቢመጣ፣ ካቴተር ገብቶ ምንም ሳይሠራለት ሊወጣ እንደሚችል ለታካሚው በምን ቃል እንነግረዋለን? «ዕጣ» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ዕቁብ ያልገባ ማን አለ? «የማስመሰያ ሕክምና» ሲባል ግን ብዙው ሰው የሚሰማው ማታለል ነው፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ቅጾቹ ወደ አማርኛ ሲመለሱ ማኅተም ያለበት የትርጉም ማረጋገጫ ይቀርብላችኋል፤ ታካሚው ቅጹ ከተነበበለት በኋላ ምን እንደተረዳ የሚያሳይ ማስረጃ ግን ጠይቃችሁ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። እባካችሁ ጠይቁ።

እኔ በበኩሌ ከዚያ ካርድ በኋላ አንድ ደብተር ይዣለሁ። ስም፣ አድራሻና የካርድ ቁጥር የለበትም፤ ያለው ደረታቸውን ስለያዛቸው ሰዎች የሰማሁት አነጋገር፣ ሲናገሩ እጃቸው ያረፈበት ቦታ፣ ምን ሲሠሩ እንደያዛቸውና በኋላ ምርመራው ያሳየው ነገር ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የእኚያ የመጋዘን ጥበቃ ቃል ይገኛል፤ ከልጃቸው ጠይቄ፣ የማስታውሰውንም ጨምሬ የጻፍኩት ነው። ሥራውን የሚጀምር ክፍል ካለ፣ ኮሚቴው ደብተሩ ለዚህ እንዲውል ፈቃድ እንደሰጠ ወዲያው ላስረክብ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም
አዲስ አበባ